እናቴን ሐና ብለው ያቆሟት ከተማ

የሞራ ሳሙና በትልቅ ብረት ድስት ሲፈላ የራሱ ሽታ አለው። አመድ፣ ያደረ ስብና የእርጥብ እንጨት ጭስ አንድ ላይ ተቀላቅለው ጉሮሮ ላይ ቁጭ ይላሉ። ባለፈው የትምህርት ቤት የጸደይ ዕረፍት ልጄ ሶስና መኪናዋን ፓርክ አድርጋ በሩን ስትከፍትልኝ፣ ገና እግሬ መሬት ሳይነካ ያ ሽታ ተቀበለኝ። አርጅቻለሁ፤ ብዙ ነገር እረሳለሁ፤ መነጽሬን አናቴ ላይ ሰክቼ ቤቱን ሙሉ የምበረብር ሴት ነኝ። ያንን ሽታ ግን አልረሳሁትም። "ግርማ፣ አሁንም ያፈላሉ!" አልኩት ባለቤቴን። ግርማ ጉልበቱን እያሸ ከመኪናው ወረደና፣ "ያን ጊዜ የጣዱት ሳሙና አልበስል ብሏቸው ይሆናል" አለኝ። ሳቅን። ሳቃችንን የምጽፈው በዚያን ቀን ዳግመኛ ስላልሳቅን ነው። ይኼን ሁሉ የምጽፈውም ተናድጄ ነው። ንዴቴ ይብረድና እጽፋለሁ እያልኩ ወራት ጠበቅሁ፤ አልበረደም፤ እንግዲህ ከነትኩሳቱ ይነበብ።

ቦታው ከአትላንታ ወደ ባሕሩ አቅጣጫ ግማሽ ቀን ያስነዳል። እንግሊዞች ይኼን አገር ይገዙ በነበረበት በጥንቱ ዘመን እዚያው ቦታ የነበረውን ከተማ አስመስለው መልሰው የሠሩት መንደር ነው። የእንጨት ቤቶች አሉት፣ የአፈር መንገድ አለው፣ ብረት ቀጥቃጭ፣ ሻማ ሠሪ፣ ሱሪው ጉልበቱ ላይ የቀረ ዳኛ አለው። ሁሉም ደመወዝተኞች ናቸው፤ ጠዋት በመኪናቸው መጥተው የድሮ ልብስ ይለብሳሉ፣ ማታ አውልቀው ወደ ቤታቸው ይነዳሉ። ጎብኚው ትኬት ቆርጦ በመሃላቸው ይዘዋወራል፣ ይጠይቃቸዋል፣ እነሱም በዚያ ዘመን እንደሚኖር ሰው ይመልሱለታል። ሶስና ዘንድሮ የራሷን ልጅ፣ ሊያን፣ ይዛ ልትሄድ ስትነሳ፣ "ማሚ፣ እኛን የወሰዳችሁን ቦታ ሊያ እንድታየው እፈልጋለሁ፤ ሪሜምበር? ከአያቴ ጋር?" ብላ ጠራችን። እንዴት አላስታውስ።

መጀመሪያ የሄድነው ሶስና ሁለተኛ ክፍል ሳለች ነው። ያን ጊዜ የምንኖረው ከአትላንታ ዳር ክላርክስተን፣ ከሱዳን ካምፕ አብረውን ከመጡ ሰዎች ጋር ግድግዳ ተጋርተን፣ የጎረቤት ሳል በሚሰማበት አፓርትመንት ነበር። ዛሬ የምንኖርበት ሊልበርን ቤት መግዛት የሚባል ወሬ ገና አልተወለደም፤ ሎረንስቪልማ የዓለም ጫፍ ነበረች። ግርማ ከኤርፖርት ታክሲ ይነዳል፤ እኔ መሃል ከተማ በአንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት አንሶላ አጥባለሁ። ጋዝ ጋሎኑ አንድ ዶላር አይሞላም ነበር። አገር ቤት መደወል ግን በደቂቃው አንድ ሙሉ ዶሮ ያስገዛ ስለነበር ስልክ ስንይዝ እንጮሃለን፤ "ደህና ናችሁ? ደህና ነን! ልጆቹስ? ደህና!" ብለን ምንም ሳንነጋገር እንዘጋለን። እኔ ትከሻው በስፖንጅ የተሞላ ጃኬት እለብሳለሁ፤ በበር ስገባ ትከሻዬ ይቀድመኛል። ግርማ ሱሪውን ከእምብርቱ በላይ ታጥቆ፣ ነጭ ካልሲ በጥቁር ጫማ አድርጎ፣ ራሱን እንደ ሙሽራ ያያል። ሜሞሪያል ድራይቭ ላይ፣ ከጎማ ቤቱ አጠገብ፣ የሠርግ ቪዲዮ የምታከራይና ካሴት የምትሸጥ የአንዲት ሐበሻ ሱቅ ነበረች። ከእሷ የገዛነው ካሴት በመኪናችን ቴፕ ውስጥ ተቀርቅሮ አልወጣ ስላለ፣ ያንኑ ዘፋኝ ክረምት ከበጋ ሰማነው። ሶስና አማርኛ መናገር ሳትችል ዘፈኖቹን በሙሉ በቃሏ ታወርድ ነበር። ያ ዘመን ይናፍቀኛል ብዬ አልዋሽም፤ ወገቤን የበላው እሱ ነው። ግን እናቴ እዚያ ዘመን ውስጥ አለች።

እናቴ የሺመቤት ትባላለች። ደሴ ገበያ ውስጥ ፈትልና ጥለት ትሸጥ ነበር። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ያሳደገችኝ በዚያ በክር ነው። ጎረቤቷ አጥር ገፍቶ ቦታዋን ሲወስድባት ፍርድ ቤት ራሷ ቆማ ተሟግታለች። ዳኛው፣ "ጠበቃዎ የት አሉ?" ቢላት፣ "ጌታዬ፣ ምላሴ አብሮኝ መጥቷል" ብላው ችሎቱ ሳቀ፤ እሷ ግን ቦታዋን አስመለሰች። አንገቷ ላይ እንደ ሐብል የተደረደረ ንቅሳት ነበራት፤ ከአገጯ ሥር ደግሞ ትንሽ መስቀል፤ የመስቀሉ አንደኛው ክንድ ነቃሿ እጇ ስቶ ይሁን እንጃ ከሌላው ይረዝማል። ልጅ ሆኜ ጭኗ ላይ ተኝቼ በጣቴ እከተለው ነበር። እሷ እኛን ልትጠይቅ የመጣችው ያን ዓመት ነው። ለመጀመሪያም ለመጨረሻም ጊዜ።

ሶስና ስለዚያ መንደር በትምህርት ቤቷ ሰምታ አላስበላ አላስጠጣ ስትለን፣ ቅዳሜ ጠዋት ስንቅ ይዘን ተነሳን። እናቴ ጥለቱ አረንጓዴና ወርቅማ የሆነ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። "እማዬ፣ መንገዱ ረጅም ነው፣ ሹራብ ብትደርቢ ይሻላል" ብላት፣ "ሰው አገር ልታስጎበኚኝ አይደል? እንደ ሌባ ተሸፋፍኜ ልግባ?" አለችኝ። መንደሩ ስንደርስ ግራና ቀኝ አየችና ወደ ግርማ ዘወር ብላ በቀስታ፣ "ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው? መብራት የላቸውም፣ ልብሳቸውም አርጅቷል" አለች።

"ጨዋታ ነው እማማ፤ የድሮ ሰው መስለው ነው" አላት ግርማ።

"የድሮውን ትተው አይደለም እንዴ የሠለጠኑት?"

"ሰው እንዲያይላቸው ነው፤ እርስዎም እንዲያዩላቸው።"

"እንግዲያው አያለሁ" አለች፣ እንደ ዳኛ።

ከትልቁ ቤት ጀርባ ወጥ ቤቱ ነበር፤ ከጣውላ የተሠራች፣ ጣሪያዋ የጠቆረ ቤት። ደጃፏ ላይ ሳሙና የሚፈላበት ድስት ተጥዷል። አጠገቡ ሻሽ ያሰረችና ሽርጥ የታጠቀች ጥቁር አሜሪካዊት ተቀምጣ ታማስላለች። ሎሬታ ትባል ነበር፤ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት። እናቴን ስታይ ግን ብድግ አለችና ወንበሯን በሽርጧ ጠርጋ በእጇ አመለከተቻት። ማንም አላዘዛትም፤ ትልቅ ሰው ቆሞ እሷ መቀመጥ ስላልሆነላት ነው። እናቴ በአማርኛ መረቀቻት፤ ሎሬታ ቋንቋው ሳይገባት ጎንበስ ብላ ተቀበለች። ከዚያ ባልዲዋን አንስታ ውኃ ልትቀዳ ሄደች። ግርማና ሶስና ብረት ቀጥቃጩን ሊያዩ ወጡ። እናቴና እኔ ብቻ ቀረን።

አንድ የጎብኚዎች ቡድን የመጣው ያኔ ነው። ከፊታቸው ብዙ ኪስ ያለው ሰደርያ የለበሰ፣ ትልቅ ካሜራ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰውዬ ነበር። እናቴን ሲያያት ዓይኑ በራ። በእሱ ቤት የመንደሩ ሠራተኛ መሆኗ ነው። ጥቁር ሴት፣ ነጭ ጥጥ ለብሳ፣ የባሪያ ወጥ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጣ፤ ሌላ ምን ልትሆን ትችላለች? ተንበርክኮ ማንሳት ጀመረ። ሌሎቹም ካሜራቸውን አወጡ። ማማሰያውን አንስቶ ልትይዝለት ሰጣት። እኔ እንግሊዝኛዬ ያን ጊዜ ከአንሶላ አያልፍም፤ ቢሆንም፣ "እናቴ ናት! እንግዳ ናት! ሠራተኛ አይደለችም!" አልኩት። ሰውዬው ከካሜራው ቀና ሳይል፣ "ድንቅ ናት! ከየት አገኛችኋት?" አለኝ። ሊያመሰግነኝ ነው። አንገቷን ደፋ እንድታደርግም በእጁ አሳያት።

እናቴ አንገቷን አልደፋችም። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ማማሰያውን ጭኗ ላይ ጋደም አድርጋ፣ አገጯን ቀና አደረገች። "ምን እያሉ ነው?" አለችኝ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

ምን ልበላት? ከደሴ ድረስ አምሮባት የመጣችን ሴት፣ "ባሪያ መስለሻቸው ነው" ልበላት? "ቆንጆ ነሽ እያሉ ነው" አልኳት። እግዜር ይወቀው፤ ዛሬም ብሆን ይኼንኑ ነው የምላት።

"እንግዲያው በደንብ ያንሱኝ" አለችና ይበልጥ ቀና አለች።

ሎሬታ ባልዲዋን ይዛ ስትመለስ ነገሩ በአንድ አፍታ ገባት። ባልዲውን ወርወር አድርጋ አስቀመጠችና ሰውዬውን አፈጠጠችበት። "እሷ የእኛ አይደለችም። ትኬት ቆርጣ የመጣች እንግዳ ናት። ያነሳኸውን አትጠቀምበት፤ ሰማህ?" አለችው። ሰውዬው እጁን አንስቶ፣ "እሺ፣ እሺ" እያለ ቡድኑን ነድቶ ሄደ። ይኼን ቃል በቃል የምጽፈው እንዲታወቅ ነው፤ ተነግሮታል። ሰምቷል። እሺ ብሏል።

በተሰባበረው እንግሊዝኛዬ ሎሬታን፣ "ስምሽ ማነው?" ብያት ስትነግረኝ፣ "እዚህ ግን ሐና ነው የሚሉኝ" አለች። "ይኼን ሽርጥ የታጠቀች ሁሉ ሐና ናት። ከእኔ በፊት የነበረችውም ሐና ነበረች።" "ያቺ የጥንቷስ፣ የእውነቷ ወጥ ሠሪ? ሐና ነበር ስሟ?" አልኳት። ሎሬታ በአፍንጫዋ ሳቀች። "ማን ያውቃል? የጌቶቹን ፈረስ ስም ግን ያውቁታል፤ እዚያ በረቱ ላይ ተጽፎልሻል" አለችኝ። ሄጄ አየሁት። እውነቷን ነው፤ የፈረሱ ስም በወርቅማ ቀለም ተጽፏል።

ወደ አትላንታ ስንመለስ እናቴ መኪናው ውስጥ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አላውቅም። ደሴ ከተመለሰች በኋላም ለቅሶ ቤት ሳይቀር ታወራው እንደነበር እህቴ በስልክ ትነግረኝ ነበር፤ "ፈረንጆቹ ተሰልፈው አነሱኝ፣ አንዱማ ተንበርክኮ" ትላለች። እኔ በሌላኛው ጫፍ ስልኩን ይዤ ጥርሴን እነክሳለሁ። ከዓመታት በኋላ ሞተች፣ ነፍሷን ይማረውና። ታሪኩንም እሷ በምታውቀው መልኩ ይዛው ሄደች። አለፈ ብዬ ነበር።

እንግዲህ ባለፈው ጸደይ ወደዚያው ተመለስን። አፈር የነበረው መግቢያ አስፋልት ሆኗል። ትኬቱ በስልክ ነው የሚቆረጠው፤ አይስክሬም የሚሸጥበት ቤት ተጨምሯል፤ ብረት ቀጥቃጩ ጆሮው ውስጥ ነጭ ነገር ሰክቶ ሙዚቃ ይሰማል። ሊያ ከፊት ከፊት ትሮጣለች። ወደ ወጥ ቤቱ ታጠፈችና ወዲያው ተመልሳ መጣች። "አያቴ፣ ከም! አንቺን የምትመስል ሌዲ አለች!" አለችኝ፣ እጄን እየጎተተች።

እናቴ ናት።

በወጥ ቤቱ ደጃፍ፣ ሰው በሚያህል ሰሌዳ ላይ፣ እናቴ ቆማለች። አይ፣ ተቀምጣለች፤ ሎሬታ በጠረገችላት ወንበር ላይ፣ ማማሰያው ጭኗ ላይ። ፎቶውን አሮጌ እንዲመስል ቡና ዓይነት አድርገውታል። የጥለቷን አረንጓዴና ወርቅማ አጥፍተውታል፤ ነጠላዋ አቡጀዲ መስሏል። ንቅሳቷን ግን ማጥፋት አልቻሉም ወይም አላዩትም፤ አንገቷ ላይ ተደርድሮ አለ፤ የአገጯም መስቀል ከነረጅም ክንዱ። ከሥሩ በትልልቅ ፊደል እንዲህ ይላል፦ "ሐና። የዚህ ቤት ባሪያና ወጥ ሠሪ። ጌቶቿን እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ በታማኝነት አገለገለች።"

በታማኝነት! አጥሯን ለገፋ ጎረቤት አንድ ክንድ ያልለቀቀችው ሴት! ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ እንደጮህኩ ግን አውቃለሁ፤ ምክንያቱም አይስክሬም የያዙ ሰዎች ሁሉ ዞረው አዩኝ። ግርማ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ አጠገቡ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠና ቀና ማለት አቃተው። በሕይወት ሳለች አንድም ቀን "አንቺ" ብሏት አያውቅም።

ሶስና ሮጣ መጣች። "ማሚ፣ ፕሊስ፣ ድምፅሽን ቀንሺ፤ ሰው እያየን ነው" አለችኝ፤ ከዚያ ሰሌዳውን አየችና አፏን ያዘች። ሶስና ደንዉዲ ከተማ አንድ ድርጅት ውስጥ ውል የምታረቅቅ፣ የማትቸኩል ልጅ ናት። ሰሌዳውን ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ ፈራ ተባ እያለች፣ "አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አትቆጪኝ። አፕሴት ያደረገሽ ባሪያ መባሏ ነው? ቢኮዝ..." አለችና በዓይኗ አመለከተችኝ። አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ቤተሰብ፣ አባት፣ እናትና ሁለት ወጣቶች፣ አጠገባችን ቆመው ነበር። የእነሱ ቅድመ አያቶች በእውነት እዚህ ያገለገሉ ሊሆኑ ይችላሉ። ነገሩ እንደ ጥፊ መታኝ። መጀመሪያ የተናደድኩት ባሪያ ስላሏት ይሁን ሌላ ሰው ስላደረጓት ያን ሰዓት ለራሴም አልለየልኝም። "እሷ እሷ ናት! ሌላ ሰው አይደለችም!" ብቻ ነው ያልኳት።

የመንደሩን ኃላፊ አስጠራን። ወጣት፣ ፈገግታዋ የማይጠፋ ነጭ ሴት ናት። "ስሜትዎን እረዳለሁ" አለችኝ። ስሜቴን ተይውና እናቴን አውርጂልኝ አልኳት። ፎቶው አንድ ሟች ፎቶ አንሺ ለመንደሩ ከተወው ስብስብ የተገኘ መሆኑን፣ እሷ ከመቀጠሯ በፊት የተሰቀለ መሆኑን፣ ለማሳያ ብቻ መሆኑን ነገረችን። "እናትዎ መሆናቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ይኖርዎታል?" አለች ደግሞ። ስልኬን አወጣሁ፤ የእናቴ የቀብር ዕለት ያባዛነውን ፎቶ አሳየኋት፤ ንቅሳቱን በጣቴ ከሰሌዳው ጋር አገጣጠምኩላት። ፊቷ ቀላ።

ያኔ ነው ግርማ ከአግዳሚው የተናገረው። ድምፁ በጭራሽ አልጮኸም። "ልጄ፣ በዚያ ዘመን ካሜራ ነበረ እንዴ?" አላት በእንግሊዝኛ።

ኃላፊዋ ዘወር ብላ ሰሌዳውን አየችው።

"አልነበረም" አለ ግርማ። "ስለዚህ ይቺ ያላችኋት ሴት ፎቶ ሊኖራት አይችልም። ስሟስ? ስሟን ታውቁታላችሁ?"

"ሐና ... በልማድ የምንጠቀምበት ነው" አለች።

"እኮ። ስሟ የለም፣ መልኳ የለም፤ ጥቁር ሴት ያገኛችሁ ዕለት ለጠፋችኋት።"

ጥቁሩ አባት ይኼን ሲሰማ ጠጋ አለ። ሚስቱ እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። ኃላፊዋ ግን ስለ አሠራር ታወራ ጀመር፤ ቦርድ አለ፣ ስብሰባ አለ፣ ሂደቱ ጊዜ ይፈልጋል፣ ኢሜይላችሁን ተዉልኝ። እኔ ደግሞ ሂደት የሚባለውን ነገር በካምፕ፣ በኢሚግሬሽን፣ በሆስፒታል በደንብ አውቀዋለሁ። ነጠላዬን ከትከሻዬ አውርጄ ሰሌዳው ላይ ጣልኩት፤ ጽሑፉንም ፊቷንም ሸፈንኩ። ወንበር ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። "እስኪወርድ አልነሳም" አልኩ።

ሶስና "ማሚ፣ ሰው ፊት ሲን አታድርጊ" ትለኛለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። እሷ ግን ጃኬቷን አውልቃ ለሊያ ሰጠቻትና አጠገቤ ቆመች። ጎብኚ ሲመጣና፣ "ይኼ ምንድን ነው? ለምን ተሸፈነ?" ሲል እናገራለሁ፤ እንግሊዝኛዬ ሲያልቅ በአማርኛ እቀጥላለሁ፤ ሶስና ትተረጉማለች። "እናቴ ናት። የሺመቤት ትባላለች። ደሴ በሚባል ከተማ ፈትል ትሸጥ ነበር። ጎረቤቷን ከስሳ ረትታለች። የልጅ ልጇን ይዛ ልትጎበኝ መጥታ እዚህ ተቀመጠች፣ ፎቶ አነሷት፣ ባሪያ አደረጓት።" ደግሜ ደጋግሜ አወራሁት። አንዳንዱ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል፤ አንዲት አሮጊት፣ "ለዚህ ነው እንዴ ይኼ ሁሉ?" ብላኝ ሄደች፤ አንዱ ጎረምሳ ደግሞ የመንደሩ ትርዒት መስዬው ስጨርስ አጨበጨበልኝ። ያጨበጨበው ከሁሉም ይበልጥ አቃጠለኝ። ሶስናም መጀመሪያ ቀዝቃዛ በሆነ የቢሮ ድምፅ ነበር የምትተረጉመው፤ ከሰዓት በኋላ ላይ ግን እኔ ያላልኩትንም መጨመር ጀመረች። "ጭኗ ላይ አስተኝታ ጸጉሬን ትሠራኝ ነበር" ስትል ሰማኋት። ይኼን የምታስታውስ አይመስለኝም ነበር።

መንደሩ ሊዘጋ ሲል ኃላፊዋ መሰርሰሪያ የያዘ ሠራተኛ አስከትላ መጣች። ፈገግታዋ ጠፍቷል። ቦርዱን በስልክ አግኝታ ይሁን የሰዉን ብዛት ፈርታ አላውቅም። ሠራተኛው ብሎኖቹን ፈታ። ሰሌዳው የመንደሩ ንብረት ስለሆነ መጋዘን መግባት አለበት ስትል ሶስና፣ "የአያቴን ፊት መጋዘን የምታስገቡበትን መብት በጽሑፍ አሳዩኝ" አለቻት። አላሳየችም። ግርማና ሠራተኛው ተሸክመው ወደ መኪናው ወሰዱት። አልገባም ቢል የኋላውን ወንበር ግማሹን አጥፈን አጋደምነው፤ እኔና ሊያ ጥግ ላይ ተጣብቀን እስከ ሊልበርን ድረስ ተመለስን።

ነገሩ በቤተ ክርስቲያን ሲሰማ ደግሞ ሌላ ንዴት ገዛሁ። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ አንዱ የማከብረው ሰው፣ "እኛን እንኳ ባሪያ! ከእነማን ጋር እንደቀላቀሉን አየሽ?" አለኝ። የእሱ ንዴት ይኼ ነው። እናቴ የነገረችኝን ነገርኩት፤ በእሷ አያት ቤት ውስጥ እንጨት የምትለቅምና ውኃ የምትቀዳ በገንዘብ የተገዛች ሴት ነበረች፤ ስሟን እናቴ አታውቀውም፤ ሲጠሯት "አንቺ" ነበር የሚሏት። ሰውዬው ሻዩን ይዞ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄደ። ይሂድ። ሶስና ያን ቀን ለጠየቀችኝ ጥያቄ መልሱ የመጣልኝ ያኔ ነው፤ ቤት ገብቼም ደወልኩላት። "ባሪያ መባሏ አይደለም" አልኳት። "እናቴን ስሟን ነጠቋት። ያቺኛዋን ግን በእናቴ ፊት ሁለተኛ ቀበሯት።" ሶስና፣ "አይ ኖው፣ ማሚ" አለችኝ።

ከመንደሩ የይቅርታ ኢሜይል መጣልን። ወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ አሁን ፊት የሌላት የሴት ጥላ የተሳለበት አዲስ ሰሌዳ እንዳቆሙ፣ "ታማኝነት" የሚለውን ቃል እንዳነሱት ይገልጻል። ግርማ፣ "በቃ ብርቄ፣ የእማማ ፎቶ ተመለሰልሽ፤ አሁን እረፊ" አለኝ። እኔ ግን ማረፍ አልቻልኩም። ሎረንስቪል የካውንቲው አስተዳደር ቢሮ ሄጄ የቆዩ መዝገቦች የሚፈለጉት እንዴት እንደሆነ ጠየቅሁ፤ የዚያ አገር መዝገብ ያለው እዚያው አካባቢ ነው፣ መፈለግ ያለባቸውም የመንደሩ ሰዎች ናቸው አሉኝ። ስለዚህ ሰኞ ሰኞ ወደ መንደሩ እደውላለሁ። ስልኩን የምታነሳው ልጅ አሁን ድምፄን ታውቀዋለች፤ ስሜን ሳልነግራት፣ "ገና ነው እሜቴ፣ አላገኘነውም" ትለኛለች።

"የወጥ ሠሪዋን ስም ነው የምጠይቅሽ" እላታለሁ።

"አውቃለሁ፤ ገና ነው።"

"ፈልገሻል ወይስ ዝም ብለሽ ነው?"

ባለፈው ሰኞ ግን፣ "እውነቱን ልንገርዎ፤ ማንም ፈልጎ አያውቅም" አለችኝ። "እኔ ግን ሐሙስ ዕለት ከሥራ በኋላ መዝገብ ቤቱ ልሄድ ነው።"

"ሂጂ" አልኳት። "ዓርብ እደውልልሻለሁ።"